ሁካታ ሽማግሌ ሲሆን

ጠዋት ሻይ የሚጥደው ባሏ ነው። እሷ ፊቷን ታጥባ እስክትመጣ ድረስ ዳቦውን ቆርጦ፣ የእናቱን የደም ግፊት ክኒን ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ሶፋው አጠገብ አስቀምጦ፣ የሥራ ቱታውን ለብሶ ይጨርሳል። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ ሊፍት ጠጋኝ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ላይ መከራየቱ ለጎረቤቶቹ የማያልቅ ቀልድ ነው። አማቷ የሚያድሩት ሳሎን ውስጥ፣ ቀን ሶፋ ማታ አልጋ በሚሆነው ዕቃ ላይ ነው፤ ከነጋ በኋላም ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ቤቱ ሲንቀሳቀስ ያዳምጣሉ። የዛሬው ጠዋትም እንደ ሌላው ጠዋት ነበር። መጋረጃው ብቻ ታጥቧል፤ ማታ እንግዳ አለ።

ሻዩን ቀመሰችና «በርዷል» አለች።

ባሏ የያዘውን ቢላ አስቀመጠ። ወደ እሷ ዞሮ ዓይን ዓይኗን እያየ አንድ ጊዜ በሆዱ ተነፈሰ። «እንደገባኝ ከሆነ» አለ ከዚያ፣ በዝግታ፣ «ሻዩ በመብረዱ ቅር ብሎሻል።»

«ቅር አላለኝም። ሻይ ነው።»

«እሺ። ሰምቼሻለሁ።»

ኩባያዋን ወስዶ አሞቀላት።

ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ነበር። «ቆመሽ ስትፈላሰፊ ነው የበረደው! ሻይ እንደ እኔ አይታገሥሽም!» ይላት ነበር። እሷም «አንተ ደግሞ መቼ ታግሠህ ታውቃለህ!» ትለዋለች፤ አማቷ ከሶፋው ላይ ሆነው አንዴ ለልጃቸው አንዴ ለምራታቸው እየፈረዱ እሳቱን ያራግቡታል፤ ጠቡ ደረጃው ላይ ይቀጥልና ምድር ቤት ሲደርሱ ምን እንዳጣላቸው ጠፍቷቸው ይስቃሉ። በሚሠራባቸው ሕንፃዎች ያሉ ዘበኞች «ሁካታ» የሚል ስም ያወጡለት ያለ ነገር አይደለም። ሰው ሊፍት ውስጥ በተያዘ ቁጥር ከውጭ ሆኖ እየጮኸ ይቀልድበታል፤ የተያዘውም ሰው በሱ ሲናደድ ፍርሃቱን ይረሳዋል። ቤተ ክርስቲያን ለሽማግሌነት ያጨችውም በዚሁ ጠባዩ ነበር። መጋቢው አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ተይዘው፣ በስድብና በቀልድ መካከል ባለ ጩኸት አጽናንቶ ካወጣቸው በኋላ «ይህ ሰው ሰው ማውጣት ያውቃል» ብለው ስሙን ለሥልጠና አስያዙት።

ሥልጠናው ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጓዳ ነበር፤ በሌላው ማታ ሠልጣኙ ወደ ታመመና ወደ አዘነ ሰው ቤት ይላካል። አሠልጣኙ ቀን ባንክ የሚሠራ፣ ከረባቱን ማታም የማያወልቅ፣ ቅን ሰው ነው። ሽማግሌ የሚሆን ሰው ቶሎ አይመልስም ብሎ ያስተምራል። የሰውን ቃል ተቀብሎ ለራሱ ለባለቤቱ መልሶ ይሰጠዋል፤ ድምፁን አያነሣም፤ በሰው ጭንቀት አይቀልድም፤ ከመናገሩ በፊት በሆዱ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል። ባሏ ይህን ሁሉ የሞተር ገመድ አሰራር እንደተማረው አድርጎ ተማረው። ዕቃ ሲፈታ አንዲት ብሎን የማይጥል ሰው ነው፤ እዚህም አንዲት ነገር አልጣለም። መጀመሪያ ሰሞን ቤት ውስጥ ሲለማመድ እሷም አማቷም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ከዚያ እሱ መለማመዱን ትቶ እንዲያው እንደዚያ ሆነ፤ እነሱም መሳቁን ተዉት።

አሁን ሥልጠናው አልቋል። የቀረው «የቤት ጥያቄ» የሚባለው ብቻ ነው። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን በማንም ላይ እጅ ከመጫኑ በፊት ሁለት ሰዎች ወደ ቤቱ ይመጣሉ፤ እጩው ይወጣል፤ አብረውት የሚኖሩት አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። የመጨረሻው ቃል የሚስት ነው። «ብቁ ነው» ካለች በሚቀጥለው እሑድ እጅ ይጫንበታል። «ይቆይ» ካለች ምክንያቷን ማንም አይጠይቃትም፤ እሱ ግን አንድ ዓመት ይጨመርለታል። አይጠየቅም ማለት አይታወቅም ማለት አይደለም። አምና አንድ የቀለም ነጋዴ ቆይ ሲባል፣ እሑድ ሳይደርስ የማን ቃል እንዳቆየው ምእመኑ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ሚስቲቱም ከዚያ ወዲህ ለመዝሙር ከኋላ ወንበር ነው የምትቀመጠው።

ጫማዋን ስታስር አማቷ ከብርድ ልብሱ ውስጥ «አንቺ ልጅ» አሏት።

«አቤት እማማ።»

«ማታ ምን ትያቸዋለሽ?»

«እውነቱን ነዋ።»

«እውነቱማ ብዙ ነው» አሉ አማቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እያዞሩ። «ከውስጡ ደህና ደህናውን መርጠሽ ንገሪያቸው።»

የምትሠራበት መነጽር ቤት ትልቅ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የዚያን ሕንፃ ሊፍት የሚጠግነውም ባሏ ነው። የሱቁ ፊት በመስተዋትና በመብራት የተሞላ፣ ጀርባው ግን እንደ ቁም ሣጥን የጠበበች የሌንስ መሞረጃ ክፍል ነው። እሷ ያለችው ጀርባው ላይ ነው። ሌንሱን እየሞረደች ከፍሬሙ ጋር ታጋጥማለች፤ ቀኑን ሙሉ ጣቶቿ እርጥብ ናቸው። ዋጋ ከጨመረ ወዲህ ሰው አዲስ ፍሬም መግዛት ትቶ አሮጌውን ይዞ ይመጣል፤ በላስቲክ የታሰረ፣ በእሳት የተጣበቀ፣ የአያቱን ፍሬም ሳይቀር። ስለዚህ የዛሬዋ የመጀመሪያ ደንበኛ የወንድ መነጽር ከቦርሳቸው ሲያወጡ አልገረማትም። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን በዓይን ታውቃቸዋለች። መነጽሩ የሟች ባለቤታቸው ነበር። ሌንሱ ወጥቶ የራሳቸው እንዲገባበት ፈለጉ።

«ፍሬሙ ይሰፋዎታል» አለቻቸው።

«ይስፋኝ።»

ሌላ ነገር አልጠየቀቻቸውም። ሌንሱን ስታወጣ መምህርቷ ጠረጴዛውን ተደግፈው ቆዩና «የሱ ባለቤት ነሽ አይደል? የሊፍቱ?» አሉ። ነኝ አለች። «ከኔ ጋር ብዙ ማታ ተቀምጧል» አሉ። «ያኔ የሚመጣው ሰው ሁሉ በርቺ ይለኝ ነበር። በርቺ፣ ጠንክሪ፣ እሱም ቢሆን አርፏል። ያንቺ ባል ግን አንድ ቀን በርቺ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ነገር አወራና ዝም እላለሁ፤ እሱም ዝም ይላል። ሰዓቱን አያይም። ሄዶ በሩን ሲዘጋ ነው እንደቀለለኝ የማውቀው።» ከዚያ፣ ልጅ እንደሚመርቁ ያለ ድምፅ አወጡና «አንቺማ ዕድለኛ ነሽ» አሏት። «ሁልጊዜ ማታ አጠገብሽ ነው።»

እሷ ሌንሱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ጠርዙን አየች። ንግግራቸው አንዳች ማጋነን አልነበረበትም፤ ሴትየዋ ያዩትን ነው የተናገሩት። ማታ ማታ፣ ለካ ከእኚህ ሴትዮ ቤት፣ ተመልሶ ሲመጣ ቀዝቅዞ የጠበቀውን ራት ሳያሞቅ በልቶ ይተኛል። የት እንደነበር አይነግራትም፤ የሰው ምሥጢር ነው፤ እንዳይነግራትም ተምሯል። ፍሬሙን በሙቅ አየር አለስልሳ ጆሮው ጋ ጠበብ አደረገችላቸው፤ ሰጠቻቸውም። መምህርቷ አድርገውት በመስተዋቱ ራሳቸውን ሳያዩ ወጡ።

ከምሳ በኋላ ሊፍቱ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መካከል ቆመ። ውስጡ የዕቃ አቅራቢ ድርጅት ሠራተኛ የሆነ ወፍራም ሰውዬ አለ፤ በሩን ሲደበድብ እስከ መነጽር ቤቱ ይሰማል። ዘበኞቹ ደረጃ ለደረጃ «ሁካታን ጥሩ! ሁካታ የት ነው!» እየተባባሉ ሮጡ። ባሏ ብዙም ሳይቆይ መጣ። እሷም እጇን በጨርቅ እያደረቀች ወጥታ ከዘበኞቹ ጋር ደረጃው ላይ ቆመች፤ ድሮ ይህን ማየት ትወድ ነበር።

ባሏ አፉን ወደ በሩ ክፍተት አስጠጋ። «ወንድሜ» አለ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «እዚህ ነኝ። ብቻህን አይደለህም።»

ድብደባው ቆመ።

«አሁን ምን እየተሰማህ ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?» አለ ሰውዬው። «ሊወድቅ ነው እንዴ?»

«እንደምሰማህ ከሆነ ፈርተሃል።»

«ታዲያ ምን ልሁን! አንተ ሰው፣ በናትህ እውነቱን ንገረኝ! ገመዱ ተበጥሷል?»

«አልተበጠሰም። ፍርሃትህ ግን ይገባኛል። አብሬህ ነኝ።»

«አብሬህ ነኝ ይለኛል! ንስሐ ግባ በለኝና ይለይልኝ!» ድብደባው በእጥፍ ጨመረ። አንደኛው ዘበኛ አፉን ይዞ ፊቱን አዞረ፤ ሌላኛው «ጌታዬ፣ አሁንስ እኔም ፈራሁ» አለ። ባሏ ዓይኑን ጨፍኖ በሆዱ ተነፈሰ። ላይ ወጥቶ ሞተሩን በእጁ ማዞር አለበት፤ ሰውዬው እንዲህ እየዘለለ ግን አይሆንም።

እሷ ምን እንደገፋፋት አታውቅም። ደረጃውን ወጣችና በሩ ላይ ቆማ፣ ሱቅ ውስጥ በማታወጣው ድምፅ «አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች። «ሊፍቱ ምሳ ሰዓቱ ነው! አንተ ጠግበህ በልተህ እሱ የማይበላ መሰለህ? ቁጭ በልና እሱም ይረፍ፣ አንተም ዕረፍ፤ ደመወዝህ አይቆረጥ!»

ውስጥ መዝለሉ ቆመ። ከዚያ ሳቅ መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ሳል፣ ቀጥሎ የእውነት። «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለ ሰውዬው። «አለቃዬ መስላኝ ደነገጥኩ!» ሲቀመጥ ካቢኑ ተንቋቋ። ባሏ ወዲያው ወደ ላይ ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ሊፍቱ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልክ ገጠመ። ሰውዬው ላቡን እየጠረገ ወጣ፤ የእሷን እጅ ጨብጦ ሄደ።

ዘበኞቹ ሲበተኑ ባሏ ከላይ ወረደ። መዳፉ በቅባት ጠቁሯል። «አመሰግናለሁ» አላት። «ረድተሽኛል።»

«ያንተን ነው የመለስኩልህ። ቃሉም ያንተ ነው፣ ጩኸቱም ያንተ ነው።»

«አውቃለሁ።» መዳፉን አየ። «ቀልድ ሰውን ያሳንሳል ተብለናል።»

«እኔን አሳንሰኸኝ አታውቅም።»

ቀና ብሎ አያት። አፉ ሊከፈት ሲል አየችው፤ የላይኛው ከንፈሩ ጥግ፣ ድሮ ተንኮል ሲያስብ እንደሚያደርገው፣ ትንሽ ተነሣ። ጠበቀች። እሱ ግን ከመናገሩ በፊት በሆዱ ተነፈሰ፤ ያች አንዲት ትንፋሽ እስክታልቅ ስልኩ ጠራ። «ይቅርታ፣ ሆስፒታል ያሉ ምእመን ናቸው» ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እያወራ ደረጃውን ወረደ።

ማታ እንግዶቹ ሲመጡ መጋቢው ትንፋሽ አጥሯቸው በሩ ላይ ቆሙ። «አራት ፎቅ!» አሉ። «እኛ እኮ ሊፍት ጠጋኝ ቤት የምንመጣ መስሎን ነበር!» ሁሉም ሳቀ። ባሏም ፈገግ አለና ካፖርታቸውን ተቀበላቸው። ሻይ ተቀዳ። ብስኩቱን ከመንገድ ነበር የገዛችው፤ ዋጋው ከፍ ብሎ እሽጉ አንሷል፤ ሳህኑ እንዳይሳሳ ዘርግታ ደረደረችው። አሠልጣኙ አንድ አንሥቶ ሁለተኛውን አልነካም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አዳራሹ ጣሪያ ተወራ። ከዚያ መጋቢው ሰዓታቸውን ሳያዩ «እንግዲህ» አሉ፤ ባሏም ተነሥቶ ደረጃው ላይ ሊቀመጥ ወጣ።

መጀመሪያ የተጠየቁት አማቷ ናቸው። እሷ መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ግድግዳው ስስ ነው። «ድሮ ይሄ ቤት ገበያ ነበር» ይላሉ አማቷ። «አሁን ፀጥ ብሏል። የጎረቤት ሬዲዮ ሳይቀር ይሰማኛል።» አሠልጣኙ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። የአማቷ ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። «አዎ ይመስገን» አሉ ኋላ። «ልጄ ሽማግሌ ሲሆን ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ምን አለኝ?» ሲጨርሱ ወደ መኝታ ቤት ገቡ፤ እሷ ወጣች። በሩ ላይ ሲተላለፉ አማቷ ክንዷን ጨበጥ አደረጉና ለቀቁት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጥያቄውን ያነሣው አሠልጣኙ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው በትሕትና። «እህታችን፣ ወንድማችን ቤት ውስጥ ተለውጧል?»

«ተለውጧል።»

«በምን ተለወጠ ትያለሽ?»

ቀኑን ሙሉ ያሰበችበት ቦታ ይህ ነበር። «ድሮ ይጣላኝ ነበር» አለች። «በትንሹም በትልቁም። በጨው፣ በመስኮት፣ በመንገድ። ይጮህብኛል፣ እጮህበታለሁ። አሁን አይጣላኝም።»

አሠልጣኙ ፊቱ በራ። «ተመስገን!»

«አይ፣ ማለቴ…» ቃሉን ፈለገችው። ዩኒቨርሲቲ ተምራለች፤ ሰው ፊት መናገር አይከብዳትም፤ ይህ ግን ከበዳት። ስድብ የለ፣ መጠጥ የለ፣ ሌላ ሴት የለ። ሰውየው ጥሩ ሆነብኝ ብሎ የሚከስ ማን ነው? «ማንኛውንም ነገር ስነግረው ‹ሰምቼሻለሁ› ይለኛል» አለች። «አንድ ቀን እንኳ አላቋረጠኝም። ይሄው ሁለት ዓመቱ፣ አንድም ቀን አላቋረጠኝም።»

«ይሄ እኮ ነው ፍሬው!» አለ አሠልጣኙ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «መጋቢ፣ ሰሙ? በሌላ ቤት ሚስቶች ስለዚህ ነው የሚጸልዩት!»

መጋቢው አሜን አላሉም። ኩባያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እያዩዋት ነበር። «እህቴ» አሉ፣ «የምትናገሪው ደስ የሚል ነው። ፊትሽ ግን እንደዚያ አይደለም። ‹ይቆይ› ማለት መብትሽ ነው። ለምን ብለን አንጠይቅሽም።»

ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ይቆይ። አንዲት ቃል ናት። የኋላውን ወንበር አሰበች፤ እሱስ ግድ የላትም፣ ከኋላም ይዘመራል። ከዚያ ዓመቱን አሰበች። ይቆይ ማለት ሌላ አንድ ዓመት ማክሰኞና ሐሙስ ማለት ነው። ይህንኑ ትምህርት፣ ይህንኑ ትንፋሽ፣ ከዚህ የበለጠ ጠንቅቆ። ካለው ላይ ይጨምሩበታል እንጂ የወሰዱትን መልሰው አይሰጧትም። መምህርቷም ትዝ አሏት፤ ሰፊውን መነጽር አድርገው ራሳቸውን ሳያዩ ሲወጡ። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች ላይ እሱን አንሥታ ለራሷ የምትወስደው ምን ብላ ነው? ለጠብ ፈልጌው ነው ብላ?

«ፊቴ ደክሞኝ ነው» አለች። «ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው። ብቁ ነው።»

«ብቁ ነው?» አሉ መጋቢው ደግመው።

«ብቁ ነው።»

ባሏን ከደረጃው ጠሩት። ገብቶ መጀመሪያ ያየው እሷን ነው፤ እሷም ራሷን ነቀነቀችለት። አማቷ ከመኝታ ቤት እልል እያሉ ወጡ። ተንበርክኮ ሲጸለይለት ቱታውን ቀይሮ የለበሰው ሸሚዝ አንገቱ ጋ እንዳለቀ አየች፤ ለእሑድ ሌላ ያስፈልገዋል። ከጸሎቱ በኋላ አሠልጣኙ የኃላፊነቱን ነገር አስረዳ። ከዳቦ ቤቱ ጀምሮ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ ያሉት የምእመናን ቤቶች በሙሉ የእሱ ናቸው። የታመመውን ይጠይቃል፣ ያዘነውን ያጽናናል። በባልና ሚስት መካከል ነገር ሲኖር መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው፤ ሌላ ሽማግሌ ከሰፈሩ አልፎ አይገባም፤ ደንቡ ነው።

«ይሄ ቤትስ?» አለች።

«የቱ ቤት?»

«የኛ። እኛም በዳቦ ቤቱና በአጥሩ መካከል ነን። እኛን የሚጠይቀን ማነው?»

አሠልጣኙ ከልቡ ሳቀ። «እናንተማ ታድላችሁ! ሽማግሌው ቤታችሁ ውስጥ ነው ያለው፤ ደረጃ መውጣት እንኳ አያስፈልገውም!» አማቷም ሳቁ። መጋቢው መሳቅ ጀምረው ተዉት፤ ካፖርታቸውን ሲለብሱም አንድ ነገር ሊሏት ያሰቡ መስለው ነበር፤ ነገር ግን ደንቡ ደንብ ነው፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለዋት ብቻ ወረዱ።

ባሏ እንግዶቹን እስከ መንገድ ሸኝቶ ተመለሰ። እሷ ኩባያዎቹን እያጠበች ነበር። አጠገቧ ቆሞ ፎጣውን አነሣና አንድ በአንድ እያደረቀ መደርደር ጀመረ። «ዛሬ ከባድ ቀን ነበር ላንቺ» አላት።

«አዎ።»

«ከባድ እንደነበር ሰማሁ።»

የመጨረሻውን ኩባያ አቀበለችው። ሳሎን ውስጥ አማቷ ሶፋውን አልጋ እያደረጉ ነው። ከዳቦ ቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ያሉት ቤቶች ሁሉ ከእሑድ ጀምሮ ሽማግሌ አላቸው። የእሷ ቤት የለውም።